ለውፍረት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፦ ጨጓራው ካነሰ በኋላ ጭንቅላታችንስ?

 

«ዶክተር፣ ጨጓራዬን ባስቀንስ ይሻለኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሁን አሁን ከአዲስ አበባ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከቦንጋም ከዋቻም ይመጣል። ከጥያቄው ጋር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ታሪክ አብሮት አለ። ውጭ ሀገር ያለ ወንድም ወይም እህት «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሏል፣ ቱርክ ወይም ህንድ ያለ ሆስፒታል ዋጋውን በቴሌግራም ልኳል፣ አንዲት የሚያውቋት ሰው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ግማሽ ሆና ታይታለች። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ስለ አምስተኛው ዓመት እንድታስቡ እፈልጋለሁ። በስድስተኛው ወር ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ይከሳል። አምስተኛው ዓመት ላይ ግን ሰውና ሰው ይለያያል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ደግሞ የሐኪሙ እጅ ሳይሆን የታካሚው አእምሮ፣ ቤቱና ጎረቤቱ ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ትንሽ

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ይሆናል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ ከረጢት (ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ ማለት ነው) ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል። ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል።

ሁለቱም ጨጓራን ከማሳነስ ያለፈ ሥራ አላቸው። ግሬሊን የሚባለው ረሃብ የሚቀሰቅስ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ስሊቭ ሲሠራ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው «ምግብ ጭራሽ አላማረኝም» የሚለው። ስኳር ያለባቸው ብዙ ታካሚዎችም ገና ብዙ ኪሎ ሳይቀንሱ ስኳራቸው መውረድ ይጀምራል። እውነቱን እንናገርና፣ በትክክል ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ሕክምና ሕይወት ያድናል። «ሰነፍ የሚያደርገው አቋራጭ» የሚሉትን አትስሙ።

የሚያስፈልገው ለማን ነው? ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ በቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። ይህ ቢኤምአይ ይባላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 105 ኪሎ የሆነች ሴት ቢኤምአይዋ 41 ነው። ከ1991 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መስፈርቱ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35 በላይ ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ነበር። በ2022 ዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አድርገው 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ሊታሰብለት ይችላል ብለዋል። 78 ኪሎ ሆናችሁ «ለሠርጌ ቀሚስ» ብላችሁ የምትጠይቁኝ እህቶች፣ ይህ ሕክምና የእናንተ አይደለም።

ደግሞ «ይህ የሀብታም ሀገር ወሬ ነው» የምትሉም አትጠፉም። በሀገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው በ2000 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016ቱ 8 በመቶ ሆነዋል። ከተማ ላይ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። ቦንጋ ዳገቷን በእግሩ የሚወጣው ሰው በባጃጅ መውጣት ከጀመረ ሰንብቷል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ የማምነው ጥናት ከስዊድን የመጣ ነው። በ1987 ተጀምሮ 2,010 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውንና 2,037 ያልተደረገላቸውን ከባድ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ያልተሠሩት ሰዎች ክብደት በዓመታቱ ውስጥ ከሁለት በመቶ በላይ አልተነቃነቀም። ባይፓስ የተሠሩት ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የክብደታቸውን 32 በመቶ ቀነሱ፤ በ10ኛው ዓመት ግን ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በተሠሩት ሰዎች ላይ ሞትም ቀንሷል።

ይህን ወደ ቅድሟ ሴት እናምጣው። ከ105 ኪሎ ተነስታ 71 ገደማ ትደርሳለች፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ 79 ትመለሳለች። ይህቺ ሴት ተሳክቶላታል! 26 ኪሎ ቀንሳ አሥር ዓመት መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እሷ ይህን አለማወቋ ነው። 71 ላይ ሆና የተነሳችውን ፎቶ እያየች 76 ስትገባ «አበላሸሁት፣ በእኔ ነገር አይሳካም» ትላለች። ከሚዛን መሸሽ ትጀምራለች፣ ቀጠሮ ትቀራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ እውነትም የሚበላሸው። ስለዚህ ከአሁኑ ያዙልኝ፦ የተወሰነ ኪሎ ተመልሶ መምጣቱ የሰውነት ጠባይ ነው። ቁጥሩ የአማካይ ነው፤ ከዚህ በጣም የተሻለም በጣም የባሰም አለ።

ታዲያ የባሰበት ምን ሆኖ ነው?

አማርኛችን ሐዘንን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሲከፋን «ሆዴ ባሰኝ» እንላለን፤ መናገር ያልቻልነውን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ቶሎ የሚከፋውን ሰው ሆደ ባሻ እንለዋለን። ሐኪሙ የሚቆርጠው ጨጓራን ነው። ሆድ የባሰው ሰው ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣም ሆዱ እንደባሰው ነው፤ ሲከፋው ራሱን ያባብልበት የነበረው ምግብ ግን ከአሁን በኋላ አይገባለትም።

ሁለት ዓይነት ረሃብ አለ። የጨጓራ ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ሲጠግብ ያቆማል። የስሜት ረሃብ ግን ድንገት ይመጣል። ከባል ጋር ከተጣላችሁ በኋላ፣ ሱቁ ሳይሸጥ የዋለ ቀን፣ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጭር ሲል። የሚፈልገውም የተወሰነ ነገር ነው፤ ጣፋጭ ወይም ቅባት። ጥጋብ አያቆመውም፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ፀፀት ይተካል። አንዳንድ ሰው በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ምግብ ማቆም እያቃተው ይበላል፣ ያውም ተደብቆ። ይህ ራሱን የቻለ ስም ያለው፣ የሚታከም የአመጋገብ ችግር ነው። ቀዶ ሕክምናው ለጊዜው ይደብቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ ረሃቡ በሚመለስበት በሁለተኛው ዓመት አካባቢ በሌላ መልክ ብቅ ይላል። በአንዴ መብላት ያልቻለ ሰው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቃመስ ይጀምራል።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ቪንሰንት ፌሊቲ የተባሉ ሐኪም በ1980ዎቹ ሳንዲዬጎ፣ አሜሪካ የውፍረት ክሊኒክ ይመሩ ነበር። አንድ ነገር አልገባቸው አለ፦ ሕክምናውን አቋርጠው የሚጠፉት ብዙዎቹ በደንብ እየቀነሱ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ሲጠይቁ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። ለእነዚህ ሰዎች ውፍረቱ መከለያ ነበር፣ የሰውን ዓይን የሚያርቅላቸው። ሲከሱና ሰው ሲያያቸው ፍርሃቱ ተመለሰ። ይህ ግኝት በ1998 ወደታተመው፣ ከ17,000 በላይ ሰዎች ወደተሳተፉበት የልጅነት መከራና የአዋቂነት ጤና ጥናት አመራ። ይህንን የምነግራችሁ ውፍረት ያለበት ሁሉ ተጠቅቷል ለማለት አይደለም፣ በጭራሽ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በሆዳችሁ ይዛችሁ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለአንድ ባለሙያ ብትነግሩት ይሻላል። ከከሳችሁ በኋላ ብቻችሁን እንድትጋፈጡት አልፈልግም።

ከዚያ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ

ብዙዎቹ የውጭ ጥናቶች የተሠሩት ሰው ሲከሳ «ጎበዝ!» በሚባልበት ሀገር ነው። እኛ ጋ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ተመችቶሻል» ነው ምስጋናው። 30 ኪሎ ቀንሳችሁ ቦንጋ ገበያ ብትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውይ! ምን ነካሽ፣ ታመሽ እንዴ?» ይሆናል። ከኋላ ደግሞ ሹክሹክታ አለ፤ ቲቢ ነው፣ ኤችአይቪ ነው፣ ዓይን በላት። ያን ሁሉ ገንዘብና ሕመም የከፈላችሁበት ነገር እንደ በሽታ ሲታይ ያማል። ይህን አስቀድመው ያልጠበቁ ሰዎች ወደ ሁለት ነገር ይሄዳሉ፦ ወይ ከሰው ይሸሻሉ፣ ወይ ሰው ዝም እንዲልላቸው መልሰው ይወፍራሉ።

ማዕዱም እንደዚያው ነው። በእኛ ባህል እምቢ የተባለ ምግብ እምቢ የተባለ ፍቅር ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ሲባል ማን ይችላል? «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፤ ስሊቭ ለተሠራ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ጉርሻ ያስመልሳል፣ በሰው ፊት። ለማሽቃሬ ባሮ ወይም ለመስቀል የተሰበሰበ ቤተሰብ መሐል ማስመለስ ያስፈራቸው ሰዎች በዓሉን ራሱን መሸሽ ይጀምራሉ። የእኔ ምክር አንድ አጭር መልስ አዘጋጅታችሁ እንድትሄዱ ነው። «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ነበረኝ፣ ሐኪም በትንሽ በትንሹ ብላ ብሎኛል» በቂ ነው፤ ውሸትም የለበትም። የሚያጎርሳችሁን እጅ ደግሞ ተቀብላችሁ ማጎረስ ትችላላችሁ። ፍቅሩ ይደርሳል፣ ምግቡ ሌላ ሰው ሆድ ይገባል።

ስለ አካባቢያችን ምግብ ሦስት ነገር ልበል። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ ጨጓራ በቆጮ ከሞላ ለእንቁላሉ፣ ለአይቡ፣ ለምስሩና ለባቄላው ቦታ አይተርፍም። ከተሠሩ በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ ቆጮው ለመጨረሻ። ቡና በሐኪም ፈቃድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመለሳል፤ የአይረን ኪኒናችሁን ግን ከቡና ጋር አትውሰዱት፣ አይሠራላችሁም፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለዩት።

ሦስተኛው ማር ነው፣ እዚህ ላይ ላቁም። የካፋ ማር የታወቀ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያነሰ ጨጓራ የሚከለክለው ጠጣር ምግብን ነው። ብርዝ፣ ለስላሳ፣ በቅቤና በማር የተሠራ ነገር እየተንሸራተተ ያልፋል፣ አያጠግብም፣ ያወፍራል። ሆዱ የባሰው ሰው ይህን መንገድ ቶሎ ያገኘዋል፤ ማንም ሳያስተምረው። ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ደግሞ ጣፋጭ ነገር በፍጥነት አንጀት ሲደርስ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ዳምፒንግ ይባላል። አንዳንዱ ይህን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ከጣፋጭ ይርቃል፣ አንዳንዱ ግን እያመመውም ይቀጥላል። እያመማችሁ ከቀጠላችሁ የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልጋችሁ ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

ምግብ ሲከለከል፣ መጠጥ በር ያንኳኳል

ይህን ክፍል በተለይ ወንዶች በደንብ አንብቡት። አሜሪካ ውስጥ በ10 ሆስፒታሎች 1,945 ታካሚዎችን ተከታትሎ በ2012 የወጣ ጥናት አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመጠጥ ችግር ምልክት ያለባቸው 7.6 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልጨመረም፣ 7.3 ነበር። በሁለተኛው ዓመት 9.6 ሆነ። ይበልጥ የታየውም ባይፓስ በተሠሩት ላይ ነው፤ ወንድ፣ ወጣት እና ከዚያ በፊትም አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የበለጠ ተጋላጭ ነው።

ምክንያቱ በከፊል አካላዊ ነው። አልኮሉ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በቀጥታ አንጀት ስለሚገባ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ይደርሳል። አንድ ብርሌ ጠጅ ከዚህ በፊት ሁለት ብርሌ ያደርግ የነበረውን ያደርጋል። አረቄውማ አይነሳ። አንድ ብርሌ ጠጥቶ ሞተር ሳይክል ላይ የሚወጣ የተሠራ ሰው፣ እሱ ባይታወቀውም ሰክሯል። ሌላው ምክንያት ግን ሆድ ብሶቱ ነው፤ ምግብ ያባብለው የነበረውን ሌላ ነገር ማባበል አለበት። ጠጅ፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ ቁማር። ቤታችሁ ውስጥ የመጠጥ ታሪክ ካለ ለቀዶ ሐኪሙ ሳትደብቁ ተናገሩ።

ስለ ድብርትም ልናገር። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ስሜቱ ይሻሻላል፤ ይተኛል፣ ይራመዳል፣ ጉልበቱ አያመውም። ጨለማው የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቆይቶ ነው፣ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ። ሰው ሕይወቱ ሁሉ የተበላሸው በውፍረቱ እንደሆነ ሲያምን ኖሮ፣ ከስቶ ሲያየው ትዳሩም ዕዳውም ብቸኝነቱም እዚያው ነው። ቆዳው ተንጠልጥሏል። መስታወት ውስጥ ገና ወፍራሙን ሰው ያያል፤ ዓይን ከሚዛን ኋላ ነው የሚደርሰው። በካናዳ ኦንታርዮ በ8,815 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት ራስን በመጉዳት ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት ከቀድሞው በ50 በመቶ ገደማ ጨምረው አግኝቷል። በቁጥር አሁንም ጥቂት ናቸው፤ 93 በመቶ የሚሆነው ክስተት ደግሞ የታየው ቀድሞም የአእምሮ ሕመም ታሪክ በነበራቸው ላይ ነው። ይህ ማለት የነበረባችሁ ሰዎች አትሠሩ ማለት አይደለም። ክትትላችሁ ጠንከር ያለ ይሁን ማለት ነው። የመኖር ፍላጎት ከጠፋባችሁ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

የሚዋጥ የአእምሮ መድኃኒት ለምትወስዱ፦ ከባይፓስ በኋላ የመድኃኒቱ መመጠጥ ሊለወጥ ይችላል፣ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠን አደገኛ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። በራሳችሁ አታቁሙ። መጠኑን የሚያስተካክል ሐኪም ከጉዞው በፊት ይኑራችሁ።

«አእምሮዋ ተነካ» ከመባሉ በፊት

አንዱን ነገር ብቻ ለሰው አጋሩ ብትሉኝ ይህንን ነው የምለው። ከተሠራች በኋላ ለሳምንታት የምታስመልስ ሰው ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ይሟጠጥባታል። ያኔ እየተንገዳገደች ትሄዳለች፣ ዓይኗ ሁለት ሁለት ያሳያታል፣ ትዘባርቃለች፣ ቀኑን ትረሳለች። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መንፈስ ነው፣ ልክፍት ነው» ሊል ይችላል። ፀበሉን ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል! ይህ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ ችግር ነው፣ ዘግይቶ ከታከመ የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ሊወስድ ይችላል። ለሚያክማት ባለሙያም «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተሠርታለች» ብላችሁ ንገሩት፤ ምክንያቱም ቢ1 በመርፌ ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከተሰቀለላት ሊብስባት ይችላል።

ቢ12 ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያጠቃው፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ። ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ድብርት። ስንቱ «ተጨንቃ ነው» እየተባለ ሲኖር ደሙ ውስጥ ያጣው ቫይታሚን ነው! ስለዚህ ቫይታሚኑ ለስድስት ወር ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ነው። ዋጋውን ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጋር አብራችሁ አስሉት።

ስለ ትዳር

ስዊድን ውስጥ በ2018 የታተመ ጥናት ደስ የሚልም የሚያሳስብም ነገር አሳይቷል። ቀዶ ሕክምና ከተሠሩት መካከል ነጠላ የነበሩት አዲስ ግንኙነት የመጀመር ዕድላቸው ጨመረ፤ ባለትዳር የነበሩት ደግሞ የመለያየት ዕድላቸው ጨመረ። ይህ የእኛ ሀገር ቁጥር አይደለም፣ ግን አሠራሩ ይገባኛል። ሚስት ከስታ፣ ልብስ ቀይራ፣ ቀና ብላ መሄድ ስትጀምር «ማን አይቶሽ ነው?» የሚል ባል አለ። ባል ሲከሳ «እኔ የሠራሁትን አይበላም» ብላ የምትከፋ ሚስት አለች፣ እውነትም ምግቧ የፍቅሯ ቋንቋ ነበረ። ስለዚህ የትዳር ጓደኛችሁ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይስማ፣ ሐኪሙ ጋም አብሮ ይግባ። እናንተ ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ስትከሱ የመፀነስ ዕድላችሁ ቶሎ ይመለሳል፤ ለ12 እስከ 18 ወር ግን ማርገዝ አይመከርም። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው መከላከያ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ወይም ሉፑን ጠይቁ።

ቦንጋ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ እንዴት?

ቦንጋ ላይ ይህ ቀዶ ሕክምና የለም። አዲስ አበባ ጥቂት የግል ሆስፒታሎች ይሠሩታል፣ እሱም ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኢስታንቡል ወይም ዴልሂ ለሄደ ሰው ሐኪሙ ስልክ ውስጥ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ክትትሉን ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ መሥራት አለባችሁ። በእኔ አስተያየት ክትትል የሚሰጠው ሰው ሳይታወቅ ሻንጣ ማዘጋጀት የለበትም።

ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የበላችሁትን ብቻ ሳይሆን ስትበሉ ምን እንደተሰማችሁ ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ። የሥነ ልቦና ምርመራውን «እብድ ነሽ ወይ?» የሚል ፈተና አድርጋችሁ አትዩት፤ የሚጠየቀው አመጋገባችሁ፣ መጠጣችሁ፣ እንቅልፋችሁ፣ ያለፈ ሕመማችሁ፣ አብሯችሁ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው። ይህን ምርመራ በአንድ ፊርማ የሚጨርስ ማዕከል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ከቦንጋ በመኪና ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። አዲስ አበባ ለምርመራ ስትሄዱ ደግሞ አማኑኤል አለ። ቦንጋ ገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሄዳችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም አነጋግሩና ፋይል አስከፍቱ፤ ክብደት፣ ደም ማነስ፣ ስኳር እዚያው ይታያል።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተመዘኑ። በየቀኑ አይሁን፣ ያሳብዳል፤ ጭራሽ መተውም አይሁን። አምስት ኪሎ ከተመለሰ ዝም አትበሉ፣ ደውሉ። ሁኔታው አሥራ አምስት ከመድረሱ በፊት የሚስተካከል ነው። በስሜት የመብላት ችግር ላለበት ሰው አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና ይረዳል፣ አሁን በቪዲዮ የሚሰጡ ባለሙያዎችም አሉ።

ውጭ ሀገር ተሠርተው የቆዩ ሰዎች በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ የሚሰበሰቡት ከማይሰበሰቡት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ብዙ ጥናቶች አይተዋል። እኛ መሰብሰብ ማን ያስተምረናል? የቡና ማኅበር አለን። ሁለት ጎረቤት ጉዳያችሁን ይወቅ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ቆሎውን በልክ ይዛችሁ እውነቱን ተነጋገሩ። ሁሉም እንዲያውቅ አያስፈልግም፤ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ግን ብዙ ሰው ይጎዳል።

ለምትጾሙ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ መብላት ከአዲሱ ጨጓራ ጋር አይሄድም፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሙስሊም ወገኖቼም ለረመዳን እንዲሁ ከሐኪምና ከዑለማ ጋር። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይሸከሟችኋል፣ ፕሮቲኑን ብቻ ቁጠሩ።

«መርፌውስ?» ለምትሉ፦ ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት ጥሩ ይቀንሳል፤ ግን ባቆሙት ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ስለ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ እመለሳለሁ።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሠራላችሁን የቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ ቀኑንና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀበሉ። ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁ፣ በባለቤታችሁ ስልክ እና በአንድ ልጃችሁ ስልክ አስቀምጡ። ማስመለስ ከ24 ሰዓት ካለፈ፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሰውነት ከተንገዳገደ ወይም ንግግር ከተዘበራረቀ ያንን ወረቀት ይዛችሁ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በአደባባይ የማይጻፍ ከሆነ ኢንቦክስ ክፍት ነው።